ከኤምአርአይና ከሲቲ ስካን በፊት ታካሚን እንዴት ብንጠይቅ ነው እውነተኛውን መልስ የምናገኘው?

ጥያቄ፦ ራዲዮግራፈር፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የጤና ተቋም የራዲዮሎጂ ክፍል ምስል የማንሣት ሥራ እሠራለሁ። ከምርመራ በፊት ታካሚ የሚጠየቅበትን ቅጽ እንደ አዲስ እንድናዘጋጅ ለሦስት ሰዎች ኃላፊነት ተሰጥቶናል። ሥራውን ከመጀመራችን በፊት በሌሎች ተቋማት የምትሠሩትን፣ እንዲሁም ታካሚ ይዛችሁ በራዲዮሎጂ ክፍል ደጃፍ ተራ የጠበቃችሁትን ሁሉ ማማከር ፈለግሁ።

ለዚህ ያነሣሣኝ ቀድሞ እሠራበት በነበረ ቦታ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ አንድ ገበሬ ለወገብ ሕመም በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራው ኤምአርአይ ታዝዞላቸው መጡ። ቅጹን ያነበበላቸው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሲሆን «በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ለሚለው ጥያቄ «የለም» ብለው መልሰው በጣታቸው ፈርመዋል። ልብስ ሲቀይሩ ግን ቀኝ ጭናቸው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ዳር ዳሯ የተጨማደደ ጠባሳ አየሁ። «አባባ፣ ይህች ምንድን ናት?» ብዬ ብጠይቃቸው «ጥይት ናት ልጄ፤ ገብታ እዚያው ቀረች» አሉኝ። ብረት የለብኝም ብለው እንደ ነበር ሳስታውሳቸው በመገረም አዩኝና «የጠየቃችሁኝ ስለ ብረት ነው፤ ይህች ጥይት ናት» አሉኝ። ራጅ ስናነሣቸው ጥይቷ ከጭን አጥንታቸው ጎን ቁልጭ ብላ ታየች።

ሰውየው አንዳች ነገር አልደበቁም። የተጠየቁትን በቅንነት መልሰዋል፤ እኛ ግን ማወቅ የነበረብንን ነገር በስሙ ጠርተን አልጠየቅናቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ በእጄ የሚገባውን ቅጽ ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ጀመርሁ። አብዛኞቹ ከውጭ ቋንቋ ቃል በቃል የተመለሱ ሆነው «የውስጥ ተከላ»፣ «ባዕድ አካል» የሚሉ ሐረጎች የሞሉባቸው ናቸው። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው ደግሞ ከደቅና ከዘጌ በጀልባ፣ ከአዴት፣ ከመራዊ፣ ከዳንግላ በመኪና የሚመጣ ነው፤ ብዙው ማንበብ አይችልም፤ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገር የአዊ ተወላጅም ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጥያቄዎቹን ማን፣ የት፣ ምን ጊዜ ቢጠይቅ ይሻላል? አነጋገሩስ እንዴት ቢሆን ነው ታካሚው የምንፈልገውን ነገር የሚያስታውሰው? ስለ ማግኔት ብቻ ሳይሆን ምስሉን ለማጉላት በመርፌ ስለሚሰጠው ኮንትራስት፣ ራጅና ሲቲም የሚነሡት በጨረር ነውና ስለ እርግዝናም ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ምላሽ፦ ነርስ፣ ለብዙ ዓመታት በተመላላሽ ሕክምናና በራዲዮሎጂ የሠራሁ

ይህን ጉዳይ ስላነሡት አመሰግናለሁ። ስለ ጥይቱ የጻፉትን ሳነብ የራሴ ታካሚዎች ፊት በዓይነ ኅሊናዬ መጣ።

የእኔ ሐሳብ ከማግኔቱም በፊት ያለውን ይመለከታል፤ እርሱም የታካሚው ማንነት ነው። በእኛ አገር ስም ሲጠራ ሰው «አቤት» ማለት ልማዱ ነው። ኮሪደር ላይ ቆመን «ወይዘሮ እገሊት!» ብለን ስንጣራ በደንብ ያልሰሙ እናት «አቤት» ብለው ይነሣሉ፤ ያልታዘዘላቸውንም ምርመራ ሊነሡ ይችላሉ። በአንድ ጠዋት በስምም በአባት ስምም የሚገጣጠሙ ሁለት ሰዎች መምጣታቸው ብርቅ አይደለም። ስለዚህ እኔ ስሙን ራሴ ጠርቼ «እርስዎ ነዎት?» አልልም፤ «ስምዎን ከነአያትዎ ይንገሩኝ» እላለሁ፤ ቀጥዬም የመጡበትን ቀበሌና የሚያማቸውን ቦታ በራሳቸው አንደበት እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። የሚያማቸው ቀኝ ጉልበት ሆኖ በማዘዣው ላይ ግራ የተጻፈበትን ስሕተት በዚህ መንገድ ከአንድ ጊዜ በላይ አግኝቼዋለሁ።

ስለ እርግዝና ደግሞ ከቃሉ ይልቅ ቦታው ይወስናል ብዬ አምናለሁ። አንዲት ያላገባች ልጅ ታላቅ ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ፣ ሰው በሞላበት ኮሪደር «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ ከ«አይደለሁም» በቀር ምን ልትል ትችላለች? ይህ ጥያቄ በር ተዘግቶ፣ ቢቻል በሴት ባለሙያ፣ አስታማሚው ውጭ ሆኖ መጠየቅ አለበት። ጥያቄውም «የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?» ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አያውቁትም፤ የወር አበባ መቅረቱን ግን ያውቁታል።

ቀኑን በቁጥር የማያስታውሱ ሴቶች በበዓል ያስታውሱታል፤ «የሚካኤል ዕለት»፣ «ለማርያም ሁለት ቀን ሲቀረው» ይሉኛል። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ ስለሆነ ይህ ከማንኛውም መልስ የበለጠ ትክክለኛ ነው። አደጋው ያለው እኛ ስንጽፈው ነው። ሴትዮዋ «የቃና ዘገሊላ ሚካኤል» ብትለኝ ጥር 12 ማለቷ ነው፤ እኔ 12/5 ብዬ ብጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራው የኮምፒውተር መዝገብ ግንቦት አካባቢ የሚውል ሌላ ቀን አድርጎ ይወስደዋል። በቅጹ ላይ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለውም አብሮ ይታተም።

ምላሽ፦ ባዮሜዲካል ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

እኔ የምጨምረው ታካሚው ስላልሆኑት ሰዎች ነው፤ ስለ አስታማሚ፣ ስለ ተላላኪ፣ ስለ ጽዳት ሠራተኛና ስለ ጥበቃ ማለቴ ነው። ቅጹ የቱንም ያህል ቢያምር ታካሚውን ብቻ ከጠየቀ በሩ ክፍት ነው።

በብዙ ሰው ዘንድ ያለው የተሳሳተ እምነት ማሽኑ ሥራ ላይ ካልሆነ ማግኔቱም ጠፍቷል የሚለው ነው። እኛ መብራት የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ስለምንኖር ይህ እምነት ይበልጥ አሳሳቢ ነው። አብዛኛው የኤምአርአይ ማግኔት በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘ ሽቦ ውስጥ ያለማቋረጥ በሚዞር ኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ መብራት ጠፋ አልጠፋ፣ ሌሊት ሆነ እሑድ፣ ጉልበቱ እንዳለ ነው። በማግኔት ኃይል መለኪያ 1.5 ቴስላ የሚባለው የተለመደው ማሽን ከመሬት የተፈጥሮ ማግኔት ከ30 ሺህ እጥፍ በላይ ይበረታል። ክፍሉ ጨልሞ፣ ድምፁም ጸጥ ብሎ ያየ የጽዳት ሠራተኛ የብረት ባልዲ ይዞ ቢገባ ማግኔቱ ባልዲውን ከእጁ ይነጥቀዋል።

ይህ በሌላው ዓለም የሰው ሕይወት አጥፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት አንድ የ6 ዓመት ሕፃን ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር ተስቦ ጭንቅላቱን መትቶት ሞተ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በሕንድ ሙምባይ ሲሊንደሩን ይዞ ገብቶ የሞተው አስታማሚ ነበር፤ ቤተሰቦቹ እንደተናገሩት ማሽኑ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በዚያው በኒው ዮርክ ግዛት አንድ ሰው አንገቱ ላይ ከባድ የብረት ሰንሰለት እንዳደረገ ወደ ክፍሉ ገብቶ በማግኔቱ ተስቦ ሕይወቱ አልፏል፤ ሰውየው ታካሚ አልነበረም። የሙምባይን ነገር ባሰብሁ ቁጥር የእኛ አስታማሚዎች ፊቴ ላይ ይደቀናሉ፤ አባቱን ለመርዳት ስትሬቸር የሚገፋ፣ ሲሊንደር የሚሸከም ልጅ እኛም ዘንድ በየቀኑ አለ።

የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ አካባቢውን በአራት ቀጠና ከፍሎ ያስቀምጣል፦ ማንም የሚገባበት፣ ታካሚው የሚጠየቅበት፣ በባለሙያ ፈቃድ ብቻ የሚገባበት፣ በመጨረሻም ማግኔቱ ያለበት ክፍል። ሕንፃችን ለዚህ ባይመችም መሬት ላይ ቀይ መስመር መቀባት፣ ከመስመሩ ውስጥም ለማግኔት ክፍል ያልተመሠከረለት ሲሊንደር፣ ዊልቸርና ስትሬቸር እንዳይገባ ማድረግ የሚያስወጣው የቀለም ዋጋ ብቻ ነው። ኦክስጅን ላይ ያለን ታካሚ ከመስመሩ በፊት ማግኔት ወደማይስበው ስትሬቸር ማዛወር ይገባል፤ መስመሩን የሚያልፍ አስታማሚም ልክ እንደ ታካሚው ይጠየቅ፣ ይፈተሽ።

ምላሽ፦ የታካሚ ልጅ፣ ዘጌ

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን «ታካሚ ይዛችሁ ተራ የጠበቃችሁ» ስላላችሁ ስለ እናቴ ልጻፍ።

እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ለሆዷ ሲቲ ስትነሣ በደም ሥሯ መርፌ ከተሰጣት በኋላ መላ ሰውነቷን አሳከካት፤ ጉሮሮዋም ተዘጋ። ፈጥነው መድኃኒት ሰጥተዋት ዳነች፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ይዘነው በወጣነው ወረቀት ላይ ስለዚህ አንድም ቃል አልተጻፈም ነበር። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ላይ እንደገና ሲቲ ሲታዘዝላት «የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» ተብላ ተጠየቀችና «የለም» አለች። ለእናቴ መድኃኒት ማለት የሚዋጥ ክኒን ነው። እኔ ደግሞ አስታማሚ አይገባም ተብዬ ውጭ ቆሜያለሁ። ነጠላዋን አጣጥፋ ልትሰጠኝ ወደ በሩ መጥታ «ያችን የምታቃጥለውን መርፌ ነው መሰል የሚወጉኝ» ስትለኝ ነው ደንግጬ ወደ ውስጥ የገባሁት። ሲስተሯ ሰምታኝ መርፌውን አቆመችው።

ሌላም አለ። ቀጠሮው ተለውጦ አዲስ ወረቀት ሲሰጡን «8:00» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት መስሎን ጠዋት በጀልባ ተነሥተን፣ እናቴ እህል ሳትቀምስ፣ ደረስን። ለካ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ኖሮ ቀጠሮው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አልፏል። ያን ቀን ሳትታይ ተመለሰች። እባካችሁ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት መሆኑን ጨምራችሁ ጻፉልን። ስትጠይቁንም ለምን እንደምትጠይቁ ንገሩን፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው የረሳውንም አስቦ ይነግራችኋል።

ምላሽ፦ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም

የተባለውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ አንድ ስጋት ግን አለኝ። መኪና የገጨው፣ ጭንቅላቱ የደማ ሰው በስትሬቸር ሲመጣ ረጅም ቅጽ እስኪሞላና የኩላሊት ምርመራ ውጤት እስኪመጣ እንድንጠብቅ የሚያስገድድ አሠራር ሌላ ጉዳት ያመጣል። ያለ ኮንትራስት ለሚነሣ የጭንቅላት ሲቲ ክሪያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) አምጡ ተብለን የተመለስንበት ጊዜ አለ። አዲሱ ቅጽ ለድንገተኛ ታካሚ የተለየ፣ አጭር መንገድ ይኑረው።

ምላሽ፦ ራዲዮሎጂስት

የድንገተኛ ክፍል ባልደረባችን ያሉት ትክክል ነው። ያለ ኮንትራስት ለሚነሣ ሲቲ የኩላሊት ውጤት አያስፈልግም፤ ሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታም በኮንትራስት የሚነሣው ምርመራ ለክሪያቲኒን ተብሎ አይዘገይም። ለኤምአርአይ ግን ይህ አይሠራም። ራሱን የሳተ፣ ታሪኩን የሚነግርለት ሰው የሌለው ታካሚ ቢያንስ ጠባሳው ታይቶ፣ የጭንቅላቱ፣ የደረቱና የሆዱ ራጅ ወይም ሲቲ ተመርምሮ ካልሆነ ወደ ማግኔቱ መግባት የለበትም።

ስለ ጥይት ጥቂት ልበል፤ በክልላችን ካለፈው ሁሉ በኋላ ጥይትና ፍንጣሪ በሰውነቱ የተሸከመ ሰው ብዙ ነውና። በእርሳስና በመዳብ ብቻ የተሠራን ጥይት ማግኔት አይስበውም፤ የክላሽ ጥይት ግን በአብዛኛው ውስጡ ብረት ስላለው ይስበዋል፤ የቦምብ ፍንጣሪም እንዲሁ ነው። ጥይት ያለበት ሁሉ ኤምአርአይ ተከልክሎ ይቅር ማለት አይደለም። በጭን ሥጋ ውስጥ ለዓመታት የቆየና ጠባሳ የያዘው ጥይት እና ዓይን፣ አንጎል፣ የአከርካሪ ቦይ ወይም ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ያለ ፍንጣሪ የሚያሰጉት እኩል አይደለም። ቦታው በራጅ ታይቶ፣ ጥቅምና ጉዳቱ ተመዝኖ ውሳኔውን ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ ይስጥ፤ ይህን ሸክም በራዲዮግራፈሩ ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም።

ዓይን ለብቻው ጥያቄ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ዓይኑ ውስጥ የቆየች የብረት ስባሪ በኤምአርአይ ተንቀሳቅሳ የአንድ ብረት ሠራተኛ የዚያ ዓይኑ ብርሃን መጥፋቱ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። በባሕር ዳር በየመንደሩ በር የሚበይዱ፣ መሮና መዶሻ ይዘው የኮብልስቶን ድንጋይ የሚጠርቡ ወጣቶች አሉ፤ መሮው ሲመታ የምትፈናጠረው ብናኝ ብረት ናት። «ብየዳ ወይም ድንጋይ ጠረባ ሠርተው ያውቃሉ? ዓይንዎ ውስጥ ብናኝ ገብቶ ሐኪም አውጥቶልዎት ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብናኝ ገብቶ ከነበረና ሙሉ በሙሉ መውጣቱ ካልታወቀ የዓይን ራጅ ይቅደም።

ስለ ኮንትራስት የዘጌዋ እህታችን የጻፉት ቅጻችን የት ላይ እንደሚያንስ በሚገባ ያሳያል። ዋናው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ሲቲ ሲነሡ በደም ሥር ሙቀት የሚለቅ መርፌ ተወግተው ነበር? ከዚያ በኋላ አሳከክዎት፣ ሰውነትዎ ሽፍ አለ፣ ትንፋሽ አጠረዎት?» የሚለው ነው። ቀድሞ በመርፌው ሰውነቱ የተቆጣ (አለርጂ የያዘው) ሰው እንደገና የመቆጣት ዕድሉ ከሌላው በአምስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሙቀት ብቻ መሰማቱ ግን የተለመደ ስለሆነ እንደ አለርጂ አይመዝገብ። «ዓሣ ይስማማዎታል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ አውጡት። ዓሣ ያለመስማማት ከአዮዲን ኮንትራስት ጋር የተለየ ግንኙነት የለውም፤ በጣና ዳር ዓሣ የማይበላው ሰው ሁሉ «አይስማማኝም» እያለ ምርመራው በከንቱ ይዘገይበታል።

በዛሬዎቹ ኮንትራስቶች ከባድ መቆጣት የሚደርሰው ከ10 ሺህ ሰው በ4 ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ሊያዘናጋን አይገባም፤ ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት፣ አድሬናሊኑ፣ በማሽኑ ክፍል ውስጥ፣ ቁልፍ ባልተቆለፈበት ቦታ ካልተቀመጠ የምንደርስበት ጊዜ የለም። ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም በጭን ጡንቻ ይሰጣል። ከባድ መቆጣት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለሚታይ ታካሚው እስከዚያ ከዓይናችን አይራቅ።

ቀድሞ ለተቆጣና ምርመራው ግድ ለሆነበት ሰው የሚታዘዘው የተለመደ ዝግጅት 50 ሚሊግራም ፕሬድኒሶን ከምርመራው 13፣ 7 እና 1 ሰዓት አስቀድሞ፣ ከመጨረሻውም ጋር 50 ሚሊግራም ዳይፈንሃይድራሚን ነው። ምርመራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከሆነ መድኃኒቱ የሚወሰደው ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። በዚህ ውስጥ «2 ሰዓት» ሁለት ጊዜ እንደሚመጣ ልብ በሉ፤ ምሽትና ጠዋት ካልተባለ ስሕተቱ የማይቀር ነው። ክኒኑ ባለ 5 ሚሊግራም ከሆነም በአንድ ጊዜ 10 ፍሬ መዋጥ አለበት፤ ታካሚው «ተሳስተው ነው» ብሎ አንዱን ብቻ እንዳይወስድ በቃል አስረዱት።

የኩላሊት ነገር የሚያሰጋው በተለይ የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች የወረደበትን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የስኳር ሕመም መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን የሚወስድ ከሆነ ከኮንትራስቱ ጀምሮ ለ48 ሰዓት ያቆመዋል፤ የሚቀጥለውም ኩላሊቱ ታይቶ ነው። በሁዳዴ ወቅት ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚመጡ አረጋውያን አሉ። «ዛሬ ውኃ ጠጥተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለታመመ ሰው የንስሐ አባቱም ይፈቅዱለታልና ከቀጠሮው በፊት እንዲያነጋግሯቸው ንገሯቸው።

እርግዝናን በተመለከተ ነርሷ ባልደረባችን ካሉት ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር መሆኗ ታወቀ ማለት ምርመራው ቀረ ማለት አይደለም። ከደረት ራጅ ወደ ፅንሱ የሚደርሰው ጨረር ከ0.01 ሚሊግሬይ (የጨረር መለኪያ) ያነሰ ሲሆን፣ የጉዳት ሥጋት የሚነሣበት መጠን ደግሞ ከ100 ሚሊግሬይ አካባቢ ጀምሮ ነው። የሳንባዋ ደም ሥር ተዘግቷል ተብላ የተጠረጠረችን እናት በፍርሃት ብቻ መመለስ እናትንም ልጅንም ያሳጣል።

የጠያቂዋ ምላሽ፦ ራዲዮግራፈር፣ ባሕር ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ከሁለቱ ባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን የጻፋችሁትን መስመር በመስመር አንብበናል።

ጥያቄው ሦስት ጊዜ እንዲጠየቅ ተስማምተናል። መጀመሪያ ምርመራውን የሚያዝዘው ሐኪም በማዘዣው ላይ ይጠይቃል፤ ከደቅ ድረስ የመጣ ሰው ማሽኑ ደጃፍ ደርሶ ከሚመለስ ችግሩ ከመነሻው ቢታወቅ ይሻላልና። ሁለተኛ በቀጠሮው ቀን ነርሷ በተዘጋ ክፍል፣ መጨረሻም ራዲዮግራፈሩ ልብስ ከተቀየረ በኋላ ጠባሳውን እያየ ይጠይቃል። ማተቡ ላይ ያለ መስቀል፣ ክታብ፣ የፀጉር መርፌና ቁልፍ የሚወልቁት በዚህ ጊዜ ነው። የማተቡን ክር ማንም ሰው እንዲበጥስ አይጠየቅም፤ ክሩ ጉዳት የለውም፤ የሚወጣው መስቀሉ ብቻ ነው።

«ብረት አለብዎት?» የሚለው ወጥቶ በምትኩ «ጥይት፣ ፍንጣሪ ወይም ስባሪ መትቶዎት ያውቃል? ወጥቶልዎታል ወይስ ቀርቷል?»፣ «አጥንትዎ ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ታስሮልዎታል?»፣ «ልብዎ ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ?» የሚሉ ገብተዋል። የአዊኛውን ትርጉም የቋንቋው ተወላጅ የሆነች ነርስ እያዘጋጀችልን ነው። የድንገተኛው ቅጽ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ቀይ መስመሩም ይቀባል።

የዘጌዋ እህታችን፣ እርስዎን የምለምነው ነገር አለ። እናትዎ የተቆጡበትን ኮንትራስት ስም ከቀድሞው ሆስፒታል ለማግኘት ይሞክሩ፤ ካልተገኘም ምርመራው የተደረገበትን ወርና ዓመት፣ ምን እንደተሰማቸው፣ በምን እንደታከሙ በወረቀት ጽፈው ከካርዳቸው ጋር በላስቲክ ያኑሩላቸው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሲመጡም ለእናትዎ የሚቀርበውን ጥያቄ አብረዋቸው ገብተው እንዲሰሙ በሩ ላይ ለተረኛው ነግሬ አስገባዎታለሁ።